ከፍንዳታው ማግስት፦ ሕዝቡና መንግሥቱ ምን መለሱ?



በቅርቡ ከጎንደርም ሆነ ከአዲስ አበባ መጥታችሁ በከተማችን በረሆቮት የሰፈራችሁ ቤተሰቦች፣ ዕብራይስጡን ገና በኡልፓን ፊደል በመቁጠር ላይ ሳላችሁ ከምትለምዷቸው ቃላት አንዱ «ፒጉዓ» የሚለው ነው። ትርጉሙ የሽብር ጥቃት ማለት ነው። ቃሉ በሬዲዮ የተነገረ እንደሆነ የአውቶቡሱ ነጂ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ተሳፋሪውም ዝም ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ስልኩን አንሥቶ ልጁን፣ እናቱን፣ ወንድሙን ይጠራል። አዲስ የገባ ሰው ግን የተባለው ሳይገባው የሰዉን ፊት ብቻ እያየ ይደነግጣል። በማግስቱ ደግሞ ያው አውቶቡስ በዚያው መንገድ ሞልቶ ሲሄድ ያይና «እነዚህ ሰዎች ሐዘን አያውቁም ወይ?» ብሎ ይገረማል።

ሐዘንስ ያውቃሉ። ነገር ግን ይህ አገር እንዲህ ያለውን ቀን ብዙ ጊዜ ስላየ፣ ሕዝቡም መንግሥቱም የሚመልሱት መልስ የራሱ ታሪክ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ታሪክ ማስረዳት ነው። የምንናገረው ስለ ጥቃት አድራሾቹ ብልሃት ሳይሆን ስለ ቀሪዎቹ ሰዎች ነው። ጥቃት አድራሹ ያደረገውን አድርጎ ያልፋል፤ አገሪቱ ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት አገር እንደምትሆን የሚወስነው ግን የቀረው ሰው የሚሰጠው መልስ ነው። በዚህ መልስ ውስጥ የእኛም የቤተ እስራኤል ልጆች ድርሻ አለበት፤ የታገልንለትም ድርሻ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በረሆቮት ዳርቻ የሆነ ነገር

ታሪኩን ከሩቅ ሳይሆን ከደጃችን እንጀምር። ረሆቮት በ1890 የተቆረቆረች፣ በብርቱካን እርሻዋ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። በ1948 መጀመሪያ ላይ አገሪቱን ያስተዳድሩ የነበሩት እንግሊዞች ነበሩ፤ የእስራኤል መንግሥትም ገና አልተመሠረተም። በዚያን ጊዜ የካቲት ወር ውስጥ፣ በፌብሩዋሪ 22 ቀን፣ በኢየሩሳሌም ቤን ይሁዳ በተባለው መንገድ ላይ ፈንጂ የተጫነባቸው መኪናዎች ፈንድተው ወደ 50 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ። ድርጊቱን የፈጸሙት የአረብ ተዋጊዎችና ከእነርሱ ጋር የተባበሩ ከጦሩ የከዱ እንግሊዛውያን ነበሩ።

ሌሒ የተባለው የአይሁድ ኅቡዕ ድርጅት በቀሉን በእንግሊዝ ጦር ላይ ለመወጣት ወሰነ። ልክ በሳምንቱ፣ በፌብሩዋሪ 29 ቀን፣ ከካይሮ ወደ ሐይፋ የሚሄደው ባቡር ከረሆቮት በስተሰሜን ሲደርስ ሐዲዱ ላይ የተቀበረ ፈንጂ ፈነዳ። በባቡሩ ተሳፍረው ከነበሩት የእንግሊዝ ወታደሮች መካከል 28ቱ ሞቱ። እነዚህ ወታደሮች ኢየሩሳሌም ላይ መኪናዎቹን ያቆሙት ሰዎች አልነበሩም። የነርሱ መሞትም ከቤን ይሁዳ መንገድ ሟቾች አንዱን እንኳ አላስነሣም። በደሉም በዚያ አላበቃም፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በማርች 11 ቀን፣ ኢየሩሳሌም የሚገኘው የአይሁድ ኤጀንሲ ሕንፃ በፈንጂ ተመታ። ደም ደምን እየጠራ ሄደ።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። አባቶቻችን በጎንደርና በትግራይ ሲኖሩ በአካባቢው «ደም መመለስ» የሚሉት ነገር ነበር። ሰው የተገደለበት ዘመድ ገዳዩን ቢያጣ የገዳዩን ወንድም ወይም የአጎቱን ልጅ ይፈልጋል፤ የዚያኛው ወገን ደግሞ በተራው ይነሣል፤ በዚህ ዓይነት አንድ መንደር ይጠፋል። ለዚህም ነበር ሽማግሌዎች የሟቹ ቀብር እንዳበቃ ሳይውሉ ሳያድሩ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል የሚገቡት። መጀመሪያ የሚለምኑት «እርቅ አድርጉ» ብለው አልነበረም፤ «ጊዜ ስጡን፤ መሣሪያውን አስቀምጡልን» ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ቁጣን ማጥፋት እንደማይቻል፣ ማቆየት ግን እንደሚቻል ያውቁ ነበር። በዚህ አገር የሽማግሌውን ቦታ የያዙት ፖሊስና ፍርድ ቤት ናቸው። ይሁን እንጂ ከታች እንደምናየው ሥራው አንድ ነው።

የ1996 ዘጠኝ ቀናት

የእስራኤል መንግሥትና የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት በሴፕቴምበር 1993 በዋሽንግተን ስምምነት ተፈራርመው ነበር። በኋላ የመጡት ሦስት ዓመታት ግን ተስፋና ደም የተቀላቀሉባቸው ነበሩ። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1994 አንድ አይሁዳዊ ሐኪም በኬብሮን፣ በአባቶች መቃብር ቦታ ለጸሎት በተሰበሰቡ ሙስሊሞች ላይ ተኩሶ 29 ሰዎች ገደለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በክኔሴት ቆመው ድርጊቱን በብርቱ አወገዙ፤ መንግሥትም ካኽ የተባለውንና ተመሳሳዩን ድርጅት ከሕግ ውጭ አደረገ፤ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በሜኢር ሻምጋር የሚመራ አጣሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል በአፉላና በሐዴራ፣ በኦክቶበር 19 ቀን ደግሞ በቴል አቪቭ ዲዘንጎፍ መንገድ አጥፍቶ ጠፊዎች አውቶቡሶችን አፈነዱ፤ በቴል አቪቡ 22 ሰዎች ሞቱ። በጃንዋሪ 22 ቀን 1995 በቤት ሊድ መገንጠያ 22 ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነዚህ 21ዱ ወታደሮች ነበሩ። በኖቬምበር 4 ቀን 1995 ደግሞ ራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢን ከሰላም ሰልፍ ሲወጡ በአንድ አይሁዳዊ ወጣት ጥይት ተገደሉ። ቦታቸውን አቶ ሺሞን ፔሬስ ያዙ፤ በፌብሩዋሪ 1996ም ምርጫው ከጊዜው ቀደም ብሎ እንደሚደረግ አስታወቁ።

ከዚያም ዘጠኙ ቀናት መጡ። እሑድ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1996 ማለዳ ሰው ወደ ሥራው በሚሄድበት ሰዓት፣ በኢየሩሳሌም ያፎ መንገድ ቁጥር 18 አውቶቡስ ላይ አጥፍቶ ጠፊ ፈንጂውን አፈነዳ፤ 26 ሰዎች ሞቱ። በዚያኑ ዕለት በአሽቀሎን አቅራቢያ ወታደሮች መኪና በሚጠብቁበት ቦታ ሌላ ፍንዳታ ሆኖ አንዲት ወታደር ሞተች። በሳምንቱ እሑድ፣ ማርች 3 ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቁጥር 18 አውቶቡስ ላይ 19 ሰዎች ተገደሉ። በማግስቱ ሰኞ የፑሪም ዋዜማ ነበር። ልጆች የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው ሲመላለሱ በቴል አቪቭ ዲዘንጎፍ ማዕከል ደጃፍ ላይ ፍንዳታ ሆነና 13 ሰዎች ሞቱ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ የተገደሉት 59 ሆኑ።

የሕዝቡና የመንግሥቱ መልስ ከዚህ ላይ ይጀምራል። መልሱም አንድ ዓይነት አልነበረም።

የመጀመሪያው መልስ፦ ደም መስጠት

ጥቃት በደረሰ ቁጥር በዚህ አገር ቀድሞ የሚታየው ነገር እርዳታ ነው። አምቡላንሶች በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳሉ፤ ሆስፒታሎች ለዘመዶች የስልክ መስመር ይከፍታሉ። የሟቾች ስም በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚነገረው ቤተሰባቸው ከተረዳ በኋላ ነው። በአገራችን መርዶ በማለዳ፣ በዘመድና በሽማግሌ እንጂ በመንገድ ላይ እንደማይነገር ሁሉ፣ እዚህም ይኸው ሥርዓት በሕግና በልማድ ተይዟል። «ሁታር ሌፒርሱም» ሲባል ከሰማችሁ «እንዲነገር ተፈቅዷል» ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቤተሰቡ አውቋል። ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይሆናል፤ ከዚያ ሰባት ቀን ሐዘን ይቀመጣሉ። ጎረቤትም፣ የማያውቅ ሰውም ሳይቀር ለመጽናናት ይመጣል።

ሌላው የታወቀ ነገር ደም መለገስ ነው። ማጌን ዳዊድ አዶም «ደም ያስፈልጋል» ብሎ በጠራ ጊዜ ሰው ከሥራው ተነሥቶ ተሰልፎ ይሰጣል። የቆሰለውን ሰው አያውቀውም፤ አይሁዳዊ ይሁን አረብ፣ ሃይማኖተኛ ይሁን አይሁን አይጠይቅም። ለብዙ ሰው ይህ በድንጋጤው ሰዓት እጁን የሚያሠራበት ብቸኛ መንገድ ነው። የአንድ አገር ሰው መሆን ማለት ምን እንደሆነ ያለ ብዙ ንግግር የሚታየውም በዚያ ሰልፍ ላይ ነው።

ታሪካችን የሚከብደውም ከዚህ ላይ ነው። ቁጥር 18 አውቶቡስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመፈንዳቱ አንድ ወር አስቀድሞ፣ በጃንዋሪ 24 ቀን 1996፣ ማአሪቭ የተባለው ጋዜጣ አንድ ነገር ገለጠ። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም የኤች አይ ቪ ቫይረስ ይኖርበታል በሚል ፍርሃት፣ ለሰጪዎቹ ሳይነገራቸው በድብቅ ሲጣል እንደቆየ ጻፈ። ወገኖቻችን በጦር ሠራዊትም፣ በትምህርት ቤትም ክንዳቸውን ዘርግተው ሲሰጡ ኖረዋል፤ አመስግነው ተቀብለዋቸዋል፤ ከኋላቸው ግን ደሙ ተደፍቷል። ለእኛ ደም ማለት የላቦራቶሪ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ዝምድና ነው፤ ወገን መሆን ነው። ስለዚህ የሰማ ሁሉ «ደማችንን ጣሉት» ያለው «እኛን ጣሉን» ለማለት ነበር።

እሑድ ጃንዋሪ 28 ቀን ወደ 10,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ተሰለፉ። ቄሶችና ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ የጦር ልብስ የለበሱ ወጣቶች ነበሩበት። ሰልፉ ከፖሊስ ጋር ወደ ግጭት አመራ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስና የጎማ ጥይት ተኮሰ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰዎች ቆሰሉ። መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ።

ከዚያ ሰልፍ እስከ መጀመሪያው የቁጥር 18 ፍንዳታ ድረስ ያለው ጊዜ 28 ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አገሪቱ «ደም ስጡ» ብላ ስትጣራ፣ ከወር በፊት ደሙ መጣሉን የሰማው ሰው ምን ይሰማዋል? ሞቱን ከሌላው ጋር ይካፈላል፤ አውቶቡሱ ሲፈነዳ ቀለም አይለይምና። ሐዘኑን ይካፈላል፤ ግብሩንና ውትድርናውን ይካፈላል። እርዳታውን መካፈል ግን ተከለከለ። ያ የ1996 ቁጣ መነሻው ይህ ነበር፤ የጠየቅነውም እንዲሰጠን ሳይሆን እንድንሰጥ ነበር።

መልሱም በቶሎ አልመጣም። በዲሴምበር 2013 በክኔሴት ግቢ ውስጥ ደም ይለገስ በነበረበት ቀን፣ በጎንደር አካባቢ የተወለዱት የክኔሴት አባል ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ ለመስጠት ቀርበው በመመሪያው ምክንያት ደማቸው እንደማይሠራበት ተነገራቸው። ነገሩ በካሜራ ተቀርጾ አገር ሁሉ አየው። መመሪያው በግልጽ የተለወጠውና ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች እንደማንኛውም ዜጋ እንዲለግሱ የተወሰነው በ2017 ነው። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ጤናውና ዕድሜው የሚፈቅድለት ሰው ዛሬ በልገሳ ጣቢያ ሲሰለፍ፣ ያ ቦታ 21 ዓመት የተጠበቀ ቦታ መሆኑን ይወቅ። በኦክቶበር 7 ቀን 2023 በደቡብ ሰፈሮች ላይ ወደ 1,200 የሚጠጉ ሰዎች በተገደሉበትና 251 ሰዎች በተወሰዱበት ጊዜ፣ በመላው አገሪቱ ለደም ልገሳ ረጃጅም ሰልፎች ሲታዩ ያ የ1996 ክልከላ አልነበረም።

ሁለተኛው መልስ፦ ቁጣ

እርዳታ ባለበት ቁጣም አለ። ሰው የሞተበት ይቆጣል፤ ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስፈራው ቁጣው ያገኘውን ሁሉ ሲመታ ነው። ከፍንዳታው ቦታ አጠገብ ሰዎች ተሰብስበው «ሞት ለአረቦች» እያሉ የሚጮሁበት ጊዜ ነበር፤ ከጥቃቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው አረብ ሠራተኛ የተደበደበበት ጊዜም አለ።

በጎረቤታችን በሪሾን ለጺዮን የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በሜይ 20 ቀን 1990 ማለዳ፣ የ21 ዓመት አይሁዳዊ ወጣት የጦር መሣሪያ ይዞ ከጋዛ ለቀን ሥራ መጥተው አሠሪ ይጠብቁ በነበሩ የፍልስጤም ሰዎች ላይ ተኮሰ፤ ሰባቱን ገደለ። እነዚህ ሰዎች ከማለዳ ጀምሮ መንገድ ዳር ቆመው «ዛሬ ሥራ አለ ወይ?» የሚሉ የቤተሰብ አባቶችና ወጣቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በጋዛና በዌስት ባንክ ታላቅ ሁከት ተነሥቶ ሌሎችም ብዙዎች ሞቱ። ፍርድ ቤቱ በገዳዩ ላይ ሰባት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ማለት ነው። ሕጉ የሟቹን ዘር ሳይጠይቅ ነፍሱን ቆጠረ።

ቁጣ ዓይኑ እንደማያይ ያሳየን ሌላው ቀን ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በኦክቶበር 18 ቀን 2015 አንድ ጥቃት አድራሽ በቤር ሼቫ ማዕከላዊ የአውቶቡስ ጣቢያ ገብቶ አንድ ወታደር ገደለ። በዚያ ትርምስ ውስጥ ሕይወቱን ለማትረፍ ይሸሽ የነበረ አንድ ኤርትራዊ ስደተኛ ነበር፤ በእርሻ ቦታ የሚሠራ፣ ወደ ከተማው የመጣውም የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው ሁለተኛው አሸባሪ መስሎት ተኮሰበት። ወድቆ ደሙ እየፈሰሰ ሳለ በዙሪያው የነበሩ ሰዎች ረገጡት፤ ወንበር ወረወሩበት። በዚያው ሌሊት ሞተ። መልኩ የእኛ መልክ ነበር። ብዙ እናቶቻችን ያን ምስል በቴሌቪዥን አይተው ያለቀሱት «ልጄ ቢሆንስ?» ብለው ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ቢንያሚን ኔታንያሁ በማግስቱ ማንም ሰው ሕግን በእጁ ማድረግ እንደሌለበት ተናገሩ። አራት ሰዎች ተከሰሱ፤ ሁለቱ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምተው ቀለል ያለ ቅጣት ተቀበሉ፤ ሁለቱ በ2020 በነፃ ተለቀቁ። ቅጣቱ አነሰ ብለው ያዘኑ ብዙዎች ናቸው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላሉ አበው፤ የፈሰሰው ነፍስ ሲሆን ግን አይለቀምም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሰዓት የወደቀን ሰው መምታት ለማንም አልተፈቀደም፤ የተያዘ ሰው የፖሊስና የፍርድ ቤት ነው። ይህ ሕግ የሚጠብቀው ጠላትን ብቻ እንዳይመስለን፤ በስህተት ለሚጠረጠረው ለእኛ ልጅም ጋሻ ነው።

ሦስተኛው መልስ፦ የመንግሥት እርምጃና የምርጫ ድምፅ

አሁን ወደ 1996 እንመለስና መንግሥት ምን እንዳደረገ እንይ። የአቶ ፔሬስ መንግሥት ዌስት ባንክንና ጋዛን ዘጋ፤ በዕብራይስጥ «ሴገር» የሚባለው ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ሺህ የፍልስጤም ሠራተኞች ወደ ሥራቸው መግባት አልቻሉም። ያሲር አራፋት በበኩላቸው ጥቃቱን አውግዘው የሐማስ ሰዎችን አሰሩ። በማርች 13 ቀን በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ከተማ የብዙ አገር መሪዎች በሽብር ላይ ለመምከር ተሰበሰቡ፤ ጉባኤውን የመሩት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተንና የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ነበሩ።

ሙባረክን ስናነሣ አዲስ አበባ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል። እኚህ ሰው ራሳቸው ከዘጠኝ ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ በጁን 26 ቀን 1995፣ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ገብተው ከቦሌ ሲወጡ ታጣቂዎች ተኩሰውባቸው በጥይት በማይበሳ መኪናቸው ተርፈው ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት የተፈላጊዎቹን ጉዳይ ወደ አፍሪካ አንድነት ድርጅትና ወደ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ወሰደው። ምክር ቤቱም በጃንዋሪ 1996 ሱዳን ሦስቱን ተጠርጣሪዎች እንድታስረክብ ጠየቀ፤ በኤፕሪል ደግሞ ማዕቀብ ወሰነ። ይህም አንድ የመልስ ዓይነት ነው፤ ረጅም ነው፤ ወረቀት ይበዛዋል፤ ነገር ግን ንጹሕ ሰው አይገድልም።

በኤፕሪል 1996 ደግሞ ሒዝቦላ በሰሜን እስራኤል ላይ ሮኬት መተኮሱን ተከትሎ የእስራኤል ጦር በሊባኖስ ላይ ዘመቻ ከፈተ። በኤፕሪል 18 ቀን መድፍ ቃና በተባለች መንደር በተባበሩት መንግሥታት ሰፈር ላይ ወድቆ በዚያ ተጠልለው ከነበሩት ሰላማዊ ሰዎች ከ100 በላይ ሞቱ። ዓለም ሁሉ ደነገጠ፤ ዘመቻውም ከጥቂት ቀን በኋላ በተኩስ አቁም ስምምነት ቆመ።

የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው ግን ሕዝቡ ነው። ሜይ 29 ቀን 1996 በእስራኤል ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ መራጩ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ የመረጠበት ቀን ነበር፤ አንድ ወረቀት ለጠቅላይ ሚኒስትር፣ አንድ ወረቀት ለፓርቲ ይጣል ነበር። (ይህ አሠራር በ2001 ተሽሯል፤ ዛሬ የሚጣለው አንድ የፓርቲ ወረቀት ብቻ ነው።) አንደኛው ወገን «ይህ ሁሉ ደም የመጣው ከስምምነቱ ነው፤ ቀድሞ ደኅንነት ይቅደም» አለ። ሌላው ወገን «ፈንጂ ያፈነዱት ሰላሙን ለማፍረስ ነው፤ እጅ ከሰጠን አሸነፉን ማለት ነው» አለ። ከራቢን ሞት በኋላ አቶ ፔሬስ በሰፊው ይመሩ ነበር፤ ከዘጠኙ ቀናት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠበበ። በመጨረሻ አቶ ኔታንያሁ 50.5 ከመቶ፣ አቶ ፔሬስ 49.5 ከመቶ አገኙ። ወደ 3 ሚሊዮን ከሚጠጋው ድምፅ ውስጥ ልዩነቱ ከ30,000 ያነሰ ነበር፤ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕዝብ ያህል ማለት ነው።

ከሁለቱ ማን ልክ ነበር የሚለውን ይህ ጽሑፍ አይፈርድም፤ ዛሬም ሰዎች ይከራከሩበታል። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው። አገሪቱ በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ምርጫውን አላስቀረችም፤ የተሸነፉትም ሥልጣኑን በሰላም አስረከቡ። በዚያው ምርጫም በጃንዋሪው የደም ሰልፍ ፊት ቀደም ብለው ከነበሩት መሪዎች አንዱ አቶ አዲሱ መሰለ ወደ ክኔሴት ገቡ፤ በኢትዮጵያ ተወልዶ የክኔሴት አባል በመሆን የመጀመሪያው ሰው ናቸው። በጃንዋሪ ከመንገድ ላይ የነበረው ጥያቄ በሜይ ወንበር አገኘ። ደሙ የተጣለበት ወገን ድምፁ ተቆጠረለት።

ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች

ከዚህ ታሪክ ለቤት የሚወሰዱ ጥቂት ነገሮች እነሆ።

አንደኛ፦ ጥቃት መድረሱን ስትሰሙ ማን ለማን እንደሚደውል ከቤተሰባችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዕብራይስጥ የሚሰማ ልጅ ካለ ለአያትና ለእናት የተባለውን በቀስታ ያስረዳ፤ ሽማግሌ ብቻውን ቴሌቪዥን እያየ እንዳይፈራ። የቆሰሉና የሞቱ ሰዎችን ሥዕል በስልክ አታስተላልፉ፤ መርዶው ገና ያልደረሰው ቤተሰብ ይኖራል።

ሁለተኛ፦ እርዳታ ለመጥራት ፖሊስ 100፣ ማጌን ዳዊድ አዶም 101 ነው። በቤተሰባችሁ ላይ ጉዳት ቢደርስ ከ1970 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ አለ፤ በጠላት ድርጊት የተጎዳ ሰው በቢቱዋሕ ሌኡሚ በኩል ሕክምናና ድጎማ ያገኛል፤ የሟች ቤተሰብም የወር ክፍያ አለው። አካሉ ሳይነካ በድንጋጤ መንፈሱ የታመመ ሰውም ማመልከት ይችላል። ይህ ልመና አይደለም፤ መብት ነው። «እኛ አዲሶች ነን፤ ለእኛ አይሆንም» ብላችሁ አትተዉት።

ሦስተኛ፦ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት «አረቦች ሁሉ እንዲህ ናቸው» የሚል ቃል ይዘው ቢመጡ ዝም አትበሉ። «ኢትዮጵያውያን ሁሉ እንዲህ ናቸው» የተባልንበትን ጊዜ ንገሯቸው። በሆስፒታል የሚያክማችሁ ሐኪም፣ መድኃኒት የሚሰጣችሁ ሰው አረብ ሊሆን ይችላል፤ በፍንዳታ የተጎዳውን የሚያነሣውም እርሱ ነው።

አራተኛ፦ ዕድሜያችሁ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ዜጎች ድምፃችሁን ስጡ። በ1996 የአገሪቱን መንገድ የለወጠው ልዩነት ምን ያህል ትንሽ እንደነበር አይታችኋል። ማንን እንደምትመርጡ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ ጓደኛም፣ አሠሪም፣ ዘመድም ሊያዝዛችሁ አይገባም።

አባቶቻችን «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለው ቀን ዳግመኛ እንዳይመጣ ምኞታችን ነው። ቢመጣ ግን ከተማችን ረሆቮት የምታውቃቸው መልሶች ከአንድ በላይ ናቸው። አንዱ በብርቱካኑ እርሻ ዳር፣ በባቡሩ ሐዲድ ላይ የተሰጠው ነው። ሌላው እጅጌን ሰብስቦ ክንድን መዘርጋት ነው፤ ወገኖቻችን ይህንን ለማግኘት ዓመታት ታግለዋልና ለልጆቻችን የምናወርሰው እርሱ ይሁን።

ሰላሙን ያብዛልን።